የእኩል ነን ሙግት

በክብ አገር መካከል አንድ ምሰሶ ተተክሏል። ከምሰሶው ቀላድ ታስሯል፤ ነዋሪው ሁሉ የቀላዱን ጫፍ ይዞ፣ ከምሰሶው እኩል ርቆ፣ በዙሪያው ይኖራል። ሰው የሚጠራው በሚቆምበት ማዕዘን ነው፤ የ30 ዲግሪው ጎልማሳ፣ የ60ዋ ባልቴት፣ የ330ዋ ፈታይ ይባላል። እያንዳንዱ ሁለት ልክ አለው። ከመሬቱ መስመር ምን ያህል ከፍ እንዳለ የሚናገረው ቁመቱ ሳይን ነው፤ ከምሰሶው ወደ ጎን ምን ያህል እንደራቀ የሚናገረው ወርዱ ኮሳይን ነው። ከመስመሩ በታች የሚኖር ሰው ቁመቱ በመቀነስ ምልክት ይጻፋል፤ ዕዳ አለበት ማለት ነው። ከምሰሶው በስተግራ የሚኖርም ወርዱ እንደዚያው በመቀነስ ምልክት ይጻፋል።

የቀላዱ ርዝመት ዛሬ 1 ነው፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። ሽማግሌዎች ሲያወጉ፣ በእስክንድርያ በጥሊሞስ የሰማዩን ክብ በለካበት ዘመን የቀላዱ ርዝመት 60 ነበር፤ በየግማሽ ዲግሪው እየቆመ ሰንጠረዥ ሠራ። ሕንዳዊው አርያብሃታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ499 በጻፈው መጽሐፍ ቀላዱን 3438 አድርጎ ለሩብ ክቡ 24 የሳይን ልኮች አበጀ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው አቡል ወፋ ደግሞ ቀላዱ 1 ቢሆን ነገሩ እንደሚቃለል አሳየ። አገሬው ይህን ምክር የወደደው ስሌቱ ስለቀለለለት ብቻ አይደለም። ቀላድ ከቦታ ቦታ በሚለያይበት ጊዜ አንዱ የራሱን ረጅም ገመድ እያመጣ «ከሁላችሁ እበልጣለሁ» ይል ነበር። 1 ከሆነ ወዲህ በገመዱ ርዝመት የሚመካ ጠፋ።

የአገሩ የመጀመሪያ ሕግ የአባ ፓይታጎረስ ሕግ ነው፦ ቁመትህን በራሱ አባዛ፣ ወርድህን በራሱ አባዛ፣ ሁለቱን ደምር፤ 1 ይሆናል። ቁመቱ 3 አምስተኛ፣ ወርዱ 4 አምስተኛ የሆነ ሰው ቢኖር 9 ሃያ አምስተኛና 16 ሃያ አምስተኛ ተደምረው 25 ሃያ አምስተኛ፣ ማለትም 1 ይሰጡታል። ከፍ ያለ ሰው ከወርዱ ይከፍላል፤ የሰፋም ከቁመቱ። ሕጉ ከመስመሩ በላይ ላሉትም በታች ላሉትም ሳይዛነፍ ስለሚሠራ፣ አባ ፓይታጎረስ ዋስ ሆነው ሲጠሩ «ይህን ዋስ አልቀበልም» ያለ ባለጉዳይ በአገሩ አልታየም።

የድሮው ችሎት ሥርዓት እንዲህ ነበር። ሁለት ወገኖች «እኩል ነን» ብለው ሲመጡ ዳኛዋ፣ የ90 ዲግሪዋ እመት ቀጤ፣ አንደኛውን ወገን ብቻ ወደ መሐል ይጠራሉ። ሌላው ዳር ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ማንም አይነካውም። የተጠራው ወገን መልኩን እየለወጠ፣ ልኩን ግን ሳይለውጥ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ሌላው ይሄዳል። በየእርምጃው ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ያልተጠራበት እርምጃ እንዳልተረገጠ ይቆጠራል። ሌላው ወገን ከተቀመጠበት ደጅ ሲደርስ ጸሐፊው «እኩል ናቸው» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ በፊት መዝገቡ ላይ ያለው «እኩል ነን ይላሉ» የሚል ብቻ ነው። ሁለቱም ከየቤታቸው ተነስተው መንገድ ላይ ቢገናኙም ይፈቀድ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ በራሱ እግር፣ አንዱ ሌላውን ሳይጎትት።

በአገሩ በር ላይ፣ በ0 ዲግሪ፣ ፊታውራሪ አልቦ ይኖር ነበር። ወርዱ ሙሉ ቀላድ ነው፤ ቁመቱ ግን 0። የእመት ቀጤ ችሎት ወረፋው እየረዘመ ሰው ሲያማርር፣ አልቦ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እያለ በደጁ ላይ የራሱን ችሎት ዘረጋ። የአልቦ ጸሐፊ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጽፈው «እኩል ናቸው» የሚለውን ነው። ከዚያ ሁለቱንም ወገኖች አንድ ላይ ያስራል፤ በአንዱ ላይ ያደረገውን በሌላው ላይም እያደረገ፣ ተመሳስለው እስኪታዩ ድረስ አይለቃቸውም።

የመጀመሪያ ፍርዱ የ30 ዲግሪው ጎልማሳና የ330ዋ ፈታይ ነበሩ። ጎልማሳው ጥጥ አበድሯታል። የእሱ ቁመት ከመስመሩ በላይ ግማሽ ነው፤ የእሷ ከመስመሩ በታች ግማሽ። አልቦ ሁለቱንም በየራሳቸው አባዛ፤ የእሱ ሩብ ሆነ፣ የእሷም ሩብ ሆነ፤ የመቀነስ ምልክቷ በመንገድ ቀለጠ። «ይኸው፣ እኩል ናችሁ፤ ሂዱ» አለ። አበዳሪና ባለዕዳ በአንድ ፍርድ አንድ ሆኑ። ፈታይዋ እልል ብላ ሄደች፤ በዓመቱ እሷ ራሷ ለጎረቤቷ ያበደረችው ማግ በዚያው ደጅ፣ በዚያው ዘዴ ጠፋባት።

በራስ ማባዛት የማያስተካክለው ነገር ሲገጥመው አልቦ ትልቁን ዘዴ ያወጣ ነበር፤ ሁለቱንም ወገኖች በ0 ያባዛል። 7 እና 700 በአልቦ ደጅ ገብተው 0 እና 0 ሆነው ይወጣሉ። «0 እኩል 0! ከዚህ የበለጠ እውነት ወዴት አለ?» ይላል ጸሐፊው። እውነትም 0 ከ0 ጋር እኩል ነው። አገሬው ግን ገብቶ የወጣው ሰው ምን ይዞ እንደገባ መጠየቁን ተወ። ባዶ እጁን የወጣ ከባዶ እጁን የወጣ ጋር ምን ይሟገታል? ደጁ ላይ የቀረው እህልና ጥጥ ወደ አልቦ ጎተራ ይገባ ነበር።

ትሪጎኖሜትሪ የተማረ አንባቢ ይህን ስሕተት ከደብተሩ ያውቀዋል። ሊረጋገጥ የሚገባውን ገና ከመጀመሪያው እንደተረጋገጠ ቆጥሮ ይነሳና፣ ግራና ቀኙን እኩል እየነካካ ሄዶ መጨረሻ ላይ 0 እኩል 0 ሲያገኝ «ተረጋገጠ» ብሎ ይደመድማል። 0 እኩል 0 ግን ከእውነትም ከሐሰትም ሊወለድ ይችላል፤ «1 እኩል 2 ነው» ከሚለውም በአንድ ማባዛት ይወጣል። ከዚህ የሂሳብ ምዕራፍ ሁሉ ለልጆቻችን አጥብቀን ልናስተምረው የሚገባን ይህ ይመስለኛል፤ ቀመሩ ቢረሳ ከመጽሐፍ ይገኛል፣ መደምደሚያውን ከፊት አስቀድሞ የመነሳት ልማድ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም።

ወደ ተረቱ ልመለስ። በአገሩ ሁለት ቤቶች ነበሩ። የግራ ቤት በየማዕዘኑ ያለው ርስት ላዕሉ 1 ሲቀነስ ኮሳይን፣ ታሕቱ ሳይን የሆነ ክፍልፋይ ነው። የቀኝ ቤት ርስት ደግሞ ላዕሉ ሳይን፣ ታሕቱ 1 ሲደመር ኮሳይን። የግራ ቤት ሰዎች ባለጸጎች ነበሩ። ከቀኝ ቤት የቀረችው ትርሲት የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ ብቻ ናት። እናቷ ስትሞት «ከግራ ቤት ጋር የአንድ አባት ልጆች ነን፤ ቁጠሪና ድረሽበት» ብላት ነበር። መልካቸው ግን አይመሳሰልም፤ አንዱ ይቀንሳል፣ አንዱ ይደምራል፤ አንዱ ሳይንን ከታች ያደርጋል፣ ሌላው ከላይ። የግራ ቤት ሰዎች አይተዋት «ከየት ነሽ አንቺ?» አሉ።

አልቦ ወሬውን ሰምቶ አስጠራት። «ልጄ፣ ምን ያደክምሻል? እኩል ናችሁ ብዬ አሁኑኑ አስጽፍልሻለሁ።»

ትርሲት እጅ ነሥታ «ፊታውራሪ፣ በቃልዎ የሰጡኝን በቃልዎ ይወስዱብኛል» አለችና ወጣች። በማግስቱ አደባባይ መሐል ቆማ «በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች። እመት ቀጤ ወረፋ ያዢ አሏት፤ ያዘች፤ ተራዋ ደረሰ።

ጸሐፊው የግራውን ቤት ክፍልፋይ መሐል ላይ ጻፈ። የቀኙ ቤት ክፍልፋይ ዳር ተቀመጠ።

«የመጀመሪያ እርምጃሽ?» አሉ እመት ቀጤ።

«ላዕሉንም ታሕቱንም በ1 ሲደመር ኮሳይን ላባዛ።»

«ዋስ?»

«ዋሴ 1 ነው። ለላይና ለታች እኩል የተሰጠ ነገር ክፍልፋዩን አይለውጠውም።»

እመት ቀጤ ግን ወዲያው አልፈቀዱም። «ይህ የምትሰጪው ነገር ባዶ የሚሆንበት ሰው የለም ወይ? ዙሪያውን እዪ።»

ትርሲት ቀላዱን ተከትላ ዞራ አየች። «አለ። የ180 ዲግሪው መነኩሴ ከምሰሶው በስተግራ አንድ ሙሉ ቀላድ ርቀዋል። በእሳቸው ዘንድ 1 ሲደመር ኮሳይን 0 ነው።»

«ጸሐፊ፣ ይጻፍ። ይህ እርምጃ መነኩሴውን አይመለከትም። ቀጥዪ።»

ሁለተኛው እርምጃ ቀላል ነበር፤ 1 ሲቀነስ ኮሳይን እና 1 ሲደመር ኮሳይን ሲባዙ አንዱ ኮሳይን ሲጨምር ሌላው ሲቀንስ ይጣፋሉ፤ ላዕሉ ላይ የሚቀረው 1 ሲቀነስ ኮሳይን ስኩዌር ነው። የማባዛት ሕግ ዋስ ሆነ። በሦስተኛው ላይ ትርሲት ወደ አባ ፓይታጎረስ ዞረች። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና «ከ1 ላይ የወርዱ ስኩዌር ሲነሣ የሚቀረው የቁመቱ ስኩዌር ነው፤ ዋስ ነኝ» ብለው ተቀመጡ። ላዕሉ ሳይን ስኩዌር ሆነ፤ ታሕቱ ሳይን ጊዜ 1 ሲደመር ኮሳይን።

«አሁን ከላይ አንድ ሳይን፣ ከታች አንድ ሳይን ላጣፋ» አለች ትርሲት።

«ይህ ሳይን ባዶ የሚሆንበት ሰው ማነው?»

ሕዝቡ አንድ ላይ ወደ በሩ ዞረ። አልቦ ከአጃቢዎቹ መካከል ቆሞ ነበር።

የነገሩ ሥር የወጣው እዚህ ላይ ነው። በአልቦ በር ላይ የግራ ቤት ርስት ላዕሉ 1 ሲቀነስ 1፣ ታሕቱ 0 ነው፤ 0 ለ0። ይህ ክፍልፋይ 5 ነው ቢባል 5 ጊዜ 0 ያው 0 ስለሆነ የሚያፈርሰው የለም፤ 5000 ነው ቢባልም የሚያፈርሰው የለም። ስለዚህ አልቦ በየዓመቱ በበሩ ላይ የሚገኘውን የግራ ቤት ድርሻ ደስ ባለው ቁጥር እየጻፈ ግብር ሲያስከፍልበት ኖሯል። ልጅቷን ከግራ ቤት ጋር በአዋጅ ሊያዛምዳት የቸኮለውም ለዚህ ነው፤ በዚያው ቁጥር እሷንም ሊያስከፍል።

«ይጻፍ» አሉ እመት ቀጤ። «የ0ውም የ180ውም ሰዎች ከዚህ ፍርድ ውጭ ናቸው። በ0 ለ0 ላይ ማንም ቁጥር አይጽፍም።»

ትርሲት ሳይኑን አጣፋች። መሐል ላይ የቀረው ላዕሉ ሳይን፣ ታሕቱ 1 ሲደመር ኮሳይን ነበር። ዳር ከተቀመጠው ጋር አንድ ሆነ።

አልቦ ዝም አላለም። «ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ የተቀመጣችሁት? እኔ የ60ዋን ባልቴት ብቻ ጠርቼ ልካቸውን አየሁ። በግራው 0.577፤ በቀኙም 0.577። አለቀ!»

«አንድ ምስክር ሐሰትን ያፈርሳል እንጂ እውነትን አያቆምም» አሉ እመት ቀጤ። «የሁለት ማዕዘኖች ድምር ሳይን የሳይኖቻቸው ድምር ነው ብሎ የተሟገተ ሰው ነበር። 0 ዲግሪን ከማንም ጋር እየደመረ ሲያሳይ በየጊዜው ልክ መጣለት። 30 እና 60 ሲደመሩ ግን 90፣ ማለትም እኔ ነኝ፤ ቁመቴ 1። የእነሱ ቁመት ተደምሮ 1.366 ሆነ። በዚህ አገር ከ1 በላይ ቁመት ያለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ቀጥለው የተናገሩትን አገሬው እስከ ዛሬ ያነሳዋል። በአያታቸው ዘመን ላይኞቹ ሰፈሮች «ቁመት ማለት የ1 ሲቀነስ ኮሳይን ስኩዌር፣ ስኩዌር ሩቱ ነው» የሚል ሕግ አውጥተው ነበር። ከ0 እስከ 180 ዲግሪ ያለው ነዋሪ በሙሉ እየተጠራ መሰከረ፤ አንድም የተለየ አልነበረም። ሕጉ ጸደቀ። ከመስመሩ በታች ያሉትን ግን የጠራቸው የለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የ330ዋ ፈታይ አያት መጥታ «እኔስ?» አለች። የወርዷ ስኩዌር 3 አራተኛ ነው፤ ከ1 ሲቀነስ ሩብ፤ ስኩዌር ሩቱ ግማሽ። የእሷ ቁመት ግን ከመስመሩ በታች ግማሽ ነበር። ሕጉ ያለችበትን ስፍራ አያውቀውም። በታችኛው ግማሽ የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ በወረቀት ላይ ከመስመሩ በላይ እንዳለ ሆኖ ግብር ሲከፍል ኖሯል።

ከዚያ እመት ቀጤ የርስት ቆጣሪዎቹን መዝገብ አስመጡ። የሁለቱ ቤቶች አቅኚ አባት የግማሽ ማዕዘን ታንጀንት ሆኖ ተገኘ፤ ታንጀንት ቁመት ለወርድ ሲካፈል ነው። የ60ዋ ባልቴት ዘንድ የእሱ ልክ የ30 ዲግሪ ታንጀንት ነው፤ 0.577። በሩ ላይ ሲቆጠር የ0 ታንጀንት ስለሆነ ጥርት ያለ 0 ነው፤ የትርሲት ቤትም በዚያው በር ላይ 0 ለ2፣ ማለትም 0። አባትየው በቆመበት ሁሉ የትርሲት ቤት ቆሟል። የግራ ቤት ግን በሩ ላይ ቃሉ ይታጠፍበታል። «ከየት ነሽ?» ያሏት ልጅ የአባቷን ርስት ከእነሱ ይልቅ ሙሉ አድርጋ የያዘች ሆና ተገኘች። የግራ ቤት ሽማግሌ ተነስተው ትከሻዋን ሳሟት፤ የአልቦ የበር ግብርም ከእነሱ ላይ ስለወደቀ፣ እፎይታው የእነሱም ነበር።

በማግስቱ ሌላ ሙግት መጣ፤ 1 ሲደመር ታንጀንት ስኩዌር ከሴካንት ስኩዌር ጋር እኩል ነው የሚል። ታንጀንት ቁመት ለወርድ ሲካፈል ነው። እመት ቀጤ መዝገቡን ከፍተው ከፍርዱ ውጭ ከሚሆኑት መጀመሪያ የራሳቸውን ስም ጻፉ፤ ወርዳቸው 0 ነውና። ከእሳቸው ቀጥሎ የ270ውን ጻፉ። ከዚያ ከወንበሩ ተነስተው የ45 ዲግሪውን አለቃ አስቀመጡ። አልቦ «ሕጋችሁ ዳኛዋንም አያውቃት!» ብሎ ጮኸ። እሳቸው ግን ከሕዝቡ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ክርክሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ዳኛ ሥልጣኑ የማይደርስበትን ስፍራ በራሱ እጅ ሲጽፍ ከማየት የበለጠ ለአንድ አገር የሚጠቅም ትምህርት እኔ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ሕዝቡ የአልቦ ፍርዶች በሙሉ እንዲመረመሩ ጠየቀ። ፈተናው አንድ ነበር፤ ከመጨረሻው መስመር ተነስታችሁ በመጣችሁበት መንገድ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። በ0 ተባዝቶ የመጣ ፍርድ መመለሻ አጣ፤ ለመመለስ ለ0 ማካፈል ያስፈልጋልና። በራስ ተባዝቶ የመጣው ደግሞ ሲመለስ መንታ መንገድ ላይ ቆመ፤ ከሩብ ተነስቶ ወደ ላይኛው ግማሽ ይሂድ ወይስ ወደ ታችኛው? ከተመረመሩት መካከል እውነትም እኩል የነበሩ ቤቶች ተገኝተዋል፤ እነሱ ከአንድ ወገን ተነስተው፣ በየእርምጃው ዋስ እየጠሩ፣ እንደገና ተጻፉ። የቀሩት ፍርዶች ተሻሩ፤ ጎተራውም ተከፍቶ እህሉ ለየባለቤቱ ተመለሰ።

የ30 ዲግሪው ጎልማሳና የ330ዋ ፈታይም እንደገና ቀረቡ። ምልክቷ ተመልሶ ተጻፈ። እሱ በላይ ግማሽ፣ እሷ በታች ግማሽ፤ እኩል አይደሉም። ፈታይዋ አንገቷን ደፋች። ጎልማሳው «ዕዳው ታውቆ ከተጻፈ መማር የምችለው አሁን ነው» አለና ግማሹን ማራት። የእሷ ዕዳ ወደ ሩብ ወረደ፤ የእሱም ብድር ወደ ሩብ። እሷ ቀላዷን ይዛ ወደ 345 ዲግሪ ተኩል ገደማ ወጣች፤ እሱ ወደ 14 ዲግሪ ተኩል ገደማ ወረደ። አባ ፓይታጎረስ መጥተው ለኩ፤ የሁለቱም ወርድ ከ0.866 ወደ 0.968 ሰፍቷል። ጸሐፊው የቀረውን ሩብ ከነምልክቱ መዘገበ፤ በማግ እንዲከፈልም ተስማሙ።